«ኩላሊትህ ደክሟል» አሉኝ፤ ላብራቶሪው ግን ደህና ነህ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አንዳንዱ ከዚያው ከቻይና የተጻፈ ነው። ሁሉንም መመለስ አልቻልኩም። ብዙ ሰው የሚጠይቀውንና ችላ ቢባል ሰው ሊጎዳ የሚችለውን አስቀደምኩ። እኔ ይህን ሕክምና የተማርኩት ናንጂንግ ነው፤ እወደዋለሁም። ስለምወደው የማይችለውን ይችላል ብዬ ማንንም ማታለል አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። ጓንግዡ የምኖር የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ወገቤን ያመኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ጓደኛዬ አንድ የቻይና ባህላዊ ሐኪም ጋ ወሰደኝ። ሰውዬው የእጄን አንጓ ይዞ ቆየ፣ ምላሴን አየ፣ ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደምነሳ ጠየቀኝና «ኩላሊትህ ደክሟል» አለኝ። ያን ሌሊት ጭራሽ አልተኛሁም። በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ደምና ሽንት ተመረመርኩ፤ ኩላሊትህ ጤነኛ ነው አሉኝ። የቱ ነው የዋሸኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማንም አልዋሸህም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ነገር ነው የጠሩት።

ባህላዊው ሐኪም ያለው ቃል «ሸን» ነው። ሲተረጎም ኩላሊት ይባላል። በእነሱ ትምህርት ግን ሸን ማለት ደም የሚያጣሩት ሁለቱ አካላት ብቻ አይደሉም። ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ጉልበት የሚቀመጠው እዚያ ነው ይላሉ። እድገት፣ ልጅ መውለድ፣ አጥንት፣ ጆሮ፣ የራስ ፀጉር፣ ወገብና ጉልበት ሁሉ በሸን ሥር ይጠቃለላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ወገቡን ሲያመው፣ ጉልበቱ ሲዝልበት፣ ጆሮው ሲጮህ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ሲነሳ፣ ለሩካቤ ያለው ፍላጎት ሲቀንስ፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አስረው «ሸን ሹ» ይሉታል። ሹ ማለት ጉድለት ነው። የኩላሊትን ሥራ ለማወቅ በላብራቶሪ ከሚለካው ክሬያቲኒን ጋር አይገናኝም።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። «ጉበትህ ታፍኗል» ቢልህ ሄፓታይተስ አለብህ ማለቱ አይደለም። ንዴት ሲታመቅ፣ ሰው ዝም ብሎ በረጅሙ ሲተነፍስ፣ ሴት ልጅ ከወር አበባዋ በፊት ጡቷን ሲያማትና ሆድ ሲብሳት የሚሰጡት ስም ነው። «ጣፊያህ ደካማ ነው» ካለህ ደግሞ ስለ ምግብ መፈጨት እያወራ ነው፤ ሆድ መነፋት፣ የላላ ሰገራ፣ ከምግብ በኋላ ድካም፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት ያለበት ወፍራም ምላስ። በዘመናዊው ትምህርት ጣፊያ ምግብ አይፈጭም። በእነሱ ካርታ ላይ ግን ይፈጫል፤ ካርታው ሌላ ነው።

ካርታው የተሳለው ከ2000 ዓመት በፊት ነው። «ኋንግዲ ኔጂንግ» የሚባለው መሠረታዊ መጽሐፋቸው የተጠናቀረው በዚያ ዘመን አካባቢ ነው። ያኔ ማይክሮስኮፕ የለም። ስለዚህ ሰውነትን የሚያስረዱት በሚያዩት ነገር ነው። እንጨት ጉበት፣ እሳት ልብ፣ አፈር ጣፊያ፣ ብረት ሳንባ፣ ውሃ ኩላሊት ነው። ውሃ እንጨትን ያሳድጋል፣ እንጨት እሳትን ያቀጣጥላል፣ እሳት አመድ ሆኖ ወደ አፈር ይመለሳል፣ ከአፈር ብረት ይወጣል። በዚህ ሁሉ መሃል የሚዘዋወረው «ቺ» ነው፤ እስትንፋስም፣ ጉልበትም፣ እንቅስቃሴም ልትለው ትችላለህ። በመሣሪያ ተለክቶ የተገኘ ነገር አይደለም። ሰው ሰውነቱ ውስጥ የሚሰማውን የሚናገርበት ቋንቋ ነው፤ እኔ የምረዳው እንደዚያ ነው።

አንጓህን ሲይዝም በሦስት ጣት ነው የያዘው። ሦስቱ ቦታዎች ጹን፣ ጓን፣ ቺ ይባላሉ (ይህኛው ቺ «አንድ ክንድ» ከሚለው ጋር እንጂ ከጉልበቱ ቺ ጋር አይገናኝም)። በግራ እጅ ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት፣ በቀኝ እጅ ሳንባ፣ ጣፊያና እንደገና ኩላሊት ይነበባሉ። ትርታውን ተንሳፋፊ፣ የሰመጠ፣ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ፣ የሚያንሸራትት እያሉ ወደ 28 ዓይነት ይከፍሉታል። ጥሩ ሐኪም በዚህ ብዙ ነገር ያስተውላል። ግን ሁለት የተከበሩ መምህራን የአንዲትን ሴት እጅ ተራ በተራ ይዘው ለየቅል ሲናገሩ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ የትርታ ንባብ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የሠራኸው ትክክል ነው፤ መመርመርህ ጥሩ ነበር። እንዲያውም እኔን የሚያስፈራኝ ተቃራኒው ነው። እግሩ ያበጠ፣ ሽንቱ አረፋ የሚያወጣ ወይም ደም የቀላቀለ ሰው «ሸን ሹ ነው» ተብሎ ወራት ቅጠል እየጠጣ ሲቀመጥ ነው የምደነግጠው። የወገብህንና የእንቅልፍህን ነገር ግን አትተወው፤ ላብራቶሪው ደህና ነህ ያለው ስለ ኩላሊትህ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አኩፓንክቸር እውነት ነው ወይስ ሰው ስለሚያምንበት ነው የሚሻለው? ደግሞ መርፌ እፈራለሁ። ያማል?

መልስ፦ ከፍርሃትሽ ልጀምር። መርፌው አንቺ የምታስቢው አይደለም። መድኃኒት የሚወጋበት መርፌ ውስጡ ክፍት ነው፣ ወፍራምም ነው። ይህኛው ድፍን ሽቦ ነው፤ ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ።

እኛ ናንጂንግ ስንማር መጀመሪያ የወጋነው ራሳችንን ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል፣ ሁለቱ ሲገጠሙ ጉብ የሚለው ሥጋ ላይ «ሄጉ» የሚባል ነጥብ አለ። መርፌው ቆዳዬን ሲያልፍ ትንኝ የነከሰኝ ያህል ነበር። ከዚያ ትንሽ ገፋ አድርጌ ሳዞረው ስሜቱ ተለወጠ። ውጋት አይደለም። ብዙ ጽፎ እንደደከመ እጅ ይከብዳል፣ ውስጡ የሚነፋ ይመስላል፣ ቀስ እያለ ወደ ሌባ ጣት ይሄዳል። ቻይናዎቹ አራት ቃል አላቸው፤ የሚዝል፣ የሚደነዝዝ፣ የሚነፋ፣ የሚከብድ። ይህ ሲመጣ «ደ ቺ» ይላሉ፤ ቺው መጣ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ እንደነካሽ ከነዘረሽ ግን ነርቭ ነው፤ ወዲያው ተናገሪ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። በምዕራቡ ዓለም ነገሩን ያስወራው አንድ ትርፍ አንጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጄምስ ሬስተን የሚባል የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤይጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆዱ ሲነፋበትና ሲያመው ክርኑና ከጉልበቱ በታች መርፌ ተደረገለት፤ ቀለል አለኝ ብሎ ጻፈ። ሰው እያዛባ ሲያወራው «ያለ ማደንዘዣ በመርፌ ብቻ ተቀደደ» ተባለ። ውሸት ነው። ማደንዘዣ ተሰጥቶት ነው የተቀደደው፤ ራሱም እንዲያ ነው የጻፈው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። እኔ ከሁሉ በላይ የማስታውሰው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የጀርመኑን ነው። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 1,162 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል ትክክለኛውን አኩፓንክቸር አገኘ፣ አንዱ ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላይ የተወጋ የማስመሰያ መርፌ፣ አንዱ የተለመደውን ሕክምና። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው ከመጀመሪያው 47.6 በመቶ፣ ከማስመሰያው 44.2 በመቶ፣ ከተለመደው ሕክምና 27.4 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ደጋግመሽ እያቸው። መርፌ ከተለመደው ሕክምና በግልጽ በልጧል። የት ተወጋ የሚለው ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። እኔ 361 ነጥብ በቃሌ የሸመደድኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሳነብ አሞኝ ነበር። በኋላ ወደ 18,000 የሚጠጉ ሕመምተኞችን መረጃ ያሰባሰበ ትልቅ ጥናት ትክክለኛው ቦታ ከማስመሰያው ትንሽ እንደሚሻል አሳይቷል። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ስለዚህ ለወገብ፣ ለአንገት፣ ለጉልበት ሕመም፣ ለሚደጋገም ራስ ምታት መሞከሩ ምክንያታዊ ነው። እምነትም፣ ጋደም ብሎ ማረፍም፣ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘትም ድርሻ አላቸው፤ ይህ ሕመምሽን ውሸት አያደርገውም።

መርፌ የማይፈልግም አለ። ለማቅለሽለሽ በደንብ ከተፈተኑት አንዱ «ኔጓን» ነው። መዳፍሽን ወደ ላይ አዙሪ። ከእጅ አንጓሽ መታጠፊያ መስመር ወደ ክርን ሦስት ጣት ለኪ፤ በሁለቱ ጅማቶች መሃል ያለው ጎድጓዳ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ በአውራ ጣት ጫን እያደረግሽ እሺው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ታይቷል።

ልትወጊ ከሄድሽ መርፌው ከታሸገበት ፊትሽ ተከፍቶ ይውጣ፤ ተወግቶ የተቀመጠ መርፌ አትቀበዪ። ደረትሽ ወይም ትከሻሽ ላይ ተወግተሽ ከዚያ ትንፋሽ ካጠረሽ ሳንባ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና ቀጥ ብለሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን አይቆይም።

ከርዕሱ ወጣ ልበልና፣ በሶንግ ዘመን ተማሪ የሚፈተነው በነሐስ በተሠራ የሰው ምስል ነበር። ነጥቦቹ ሁሉ ተበስተዋል፣ ላዩ በሰም ተሸፍኗል፣ ውስጡ ውሃ ተሞልቷል። በትክክል ከወጋህ ውሃ ይወጣል። ከሳትክ መርፌው አይገባም። ከ1000 ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ፈተና ማሰባቸው ሁሌም ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን አለሽ። የ67 ዓመት ሴት ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል። ወንድ ልጄ ከቻይና እንክብል ላከልኝ፤ «ቅጠል ነው፣ ጉዳት የለውም» አለኝ። በሦስት ቀን ተነሥቼ መሄድ ጀመርኩ። የልብ መድኃኒትና ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ልቀጥል?

መልስ፦ እናቴ፣ ይህን ሳነብ ልቤ ቆመ። እባክዎ እንክብሉን ዛሬ ያቁሙ፤ ደም ማቅጠኛውን፣ ዋርፋሪኑን ግን እንዳያቋርጡ። ነገ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱና የደም መርጋት ምርመራ ያሠሩ። የእንክብሉንም ዕቃ ይዘው ይሂዱ።

ምክንያቱን ላስረዳዎ። ለመገጣጠሚያ ሕመም በሚሰጡ የቻይና ቅመሞች ውስጥ «ዳንግጉዌይ» እና «ዳንሸን» የሚባሉ ሥሮች ይገኛሉ። ሁለቱም የዋርፋሪንን ኃይል ያበረታሉ። ደም ከመጠን በላይ ቀጥኖ ድድዎ ሊደማ፣ ሰገራዎ ሊጠቁር፣ ከዚያም ወደ ጭንቅላት ሊፈስ ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ካዩ፣ ወይም ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣብዎ ነገን አይጠብቁ።

ሌላው ያስጨነቀኝ «በሦስት ቀን ተነሣሁ» ያሉት ነው። ቅጠል እንዲህ አይፈጥንም። በዓለም ዙሪያ «የተፈጥሮ ቅጠል» ተብለው የተሸጡ የመገጣጠሚያ እንክብሎች ሲመረመሩ ስቴሮይድና ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ በድብቅ ተቀላቅሎባቸው ተገኝቷል። የእርስዎ እንዲያ ነው ማለት አልችልም። ግን በጣም ሲፈጥን መጠርጠር አለብን።

ልጅዎን አይቆጡት፤ በፍቅር ነው የላከው። «ቅጠል ጉዳት የለውም» የሚለውን ግን ይንገሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ የቻይና ቅጠል ያለበት እንክብል ይሰጥ ነበር። ስማቸው የተመሳሰለ ሁለት ሥሮች ተምታተው፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ገባ። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ወደ እጥበትና ንቅለ ተከላ ሄዱ፣ ቆይቶም ካንሰር የያዛቸው አሉ። ቅጠል ነበር። ሥሩም በደንብ የታወቀ መርዝ ነበረበት።

ጥያቄ፦ ቼንግዱ የምማር ተማሪ ነኝ። ጉንፋን አልለቅ ብሎኝ ሆስፒታል ስሄድ ሰባት ቦርሳ ሥርና ቅርፊት ሰጡኝ። እንዴት ነው የማፈላው? ጓደኞቼ ሽታውን አልቻሉትም።

መልስ፦ ሽታውን ልመድ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም! ኮሪደሩ ሁሉ ያውቅሃል። አንድ ቦርሳ የአንድ ቀን ነው።

የሸክላ ማሰሮ ፈልግ። ካጣህ የማይዝግ ብረት ወይም መስታወት ይሁን፤ መዳብ፣ አልሙኒየምና ተራ ብረት አይሆንም፣ ከቅጠሉ ጋር ስለሚዋሃድ። ቅጠሉን ገልብጠህ ቀዝቃዛ ውሃ አድርግበት፤ ውሃው ከላዩ ሁለት ጣት ይለፍ። ግማሽ ሰዓት ተወው። የደረቀው ቅርፊት ሲነፋ፣ ውሃው ሻይ ሲመስል ታየዋለህ። ከዚያ በኃይለኛ እሳት እስኪፈላ፣ ከፈላ በኋላ ቀንሰህ 20 ደቂቃ ያህል። አጥልለው። እንደገና ውሃ ጨምረህ ሁለተኛ አፍላው፤ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ደባልቀህ ለጠዋትና ለማታ ክፈለው። ካረረብህ ውሃ ጨምረህ አታድነው፤ ድፋው።

በቦርሳው ውስጥ ለብቻ የታሰረች ትንሽ ከረጢት ካለች ላይዋ ላይ የተጻፈውን አስነብብ። «ሆውሺያ» ካለ ዘግይቶ የሚገባ ነው፤ ለምሳሌ ናና ሽታው እንዳይጠፋ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው የሚጨመረው። «ሺየንጂየን» ካለ ከሁሉ በፊት ለብቻው የሚፈላ ነው። በተለይ «ፉዝ» የሚባለው ሥር ካለበት አትቀልድ። በደንብ ካልፈላ ልብ የሚያቆም መርዝ አለው፤ የታዘዘውን ያህል ጊዜ ለብቻው መፍላት አለበት። ይህ ሁሉ ከከበደህ የሆስፒታሉን መድኃኒት ቤት «ዳይጂየን» በላቸው። እነሱው አፍልተው በላስቲክ አሽገው ይሰጡሃል።

ጉንፋኑ ግን ስንት ጊዜው ነው? ሦስት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ትኩሳትና ማታ ማታ ላብ ካለው ሳንባህን ራጅ ተነሣ።

ጥያቄ፦ ዋግምት አስደርጌ ጀርባዬ ላይ ጥቁር ክብ ወጣ። ባለሙያው «ጥቁሩ የወጣው መርዝ ነው» አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብርጭቆው ቆዳውን ሲስበው ትንንሽ የደም ሥሮች ይፈነዳሉ፤ ያየኸው ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ የታየው ያው ነው። ብዙ ከተሳበና ብዙ ከቆየ ይጠቁራል። የተወጠረ ጡንቻ ሲላላ ደስ ይላል፣ እኔም አስደርጋለሁ። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ግን ይቅርብህ። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጠው።

ጥያቄ፦ የወባ መድኃኒት ከቻይና ቅጠል ነው የተገኘው፣ ኖቤልም አሸልሟል ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ቅጠሉን በሻይ መልክ መጠጣት አይበቃም? ክኒኑ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ይህ ታሪክ ከቻይና ሕክምና ታሪኮች ሁሉ የምወደው ነው። በደንብ ካየኸው ለጥያቄህ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 23 ቀን 1967 ቻይና በምስጢር የወባ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረች፤ ከቀኑ የተነሣ ፕሮጀክት 523 ተባለ። ቤይጂንግ ውስጥ ቱ ዩዩ የምትባል ተመራማሪ የጥንት መጻሕፍትን ማገላበጥ ያዘች። «ቺንግሃው» የሚባለው ቅጠል፣ አርቴሚዥያ አኑዋ፣ የአሪቲ ወገን ነው። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይሠራም። ግራ ገባት። ከዚያ በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ገ ሆንግ የጻፈውን አገኘች። አንድ እፍኝ ቺንግሃው በውሃ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ፣ ጭማቂውን ጠጣ ይላል።

አፍላው አይልም። እሷን ያነቃት እሱ ነው። ሙቀቱ መድኃኒቱን እየገደለው ይሆን ብላ አሰበችና በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኢተር አወጣችው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 191ኛው ናሙና በአይጦች ላይ የወባውን ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋው። በሰው ከመሞከሩ በፊት እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ወሰዱት። ኖቤሉ እ.ኤ.አ. በ2015 መጣ።

አሁን ወደ ሻይህ እንመለስ። ሻይ ማለት የፈላ ውሃ ነው፤ ቱ ዩዩ የሸሸችው ደግሞ እሱኑ ነው። መድኃኒቱ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። መጠኑም ከቅጠል ቅጠል፣ ከእርሻ እርሻ ይለያያል። ለግማሽ መንገድ የሚበቃ መጠን ከጠጣህ ትኩሳትህ ይበርድና ተውሳኩ ይተርፋል፤ የተረፈውም መድኃኒቱን መልመድ ይጀምራል። ክኒኑ ውስጥ አርቴሚሲኒን ብቻውን አይደለም። እሱ ፈጥኖ ይገድላል፣ ፈጥኖም ከደም ይወጣል፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሌላ መድኃኒት አብሮት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ቅጠሉን በሻይ መልክ ለወባ መጠቀምን አይደግፍም። በተለይ ለሕፃን እንዳታስበው። ወባ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ባለቤቴ ቻይናዊ ነው፤ ጓንግዶንግ ነው የምንኖረው። ልጅ ልወልድ አንድ ወር ቀርቶኛል። አማቴ 30 ቀን ከቤት አትወጪም፣ ፀጉርሽን አትታጠቢም፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትነኪም፣ መስኮት አይከፈትም ትላለች። የአሳማ እግር በዝንጅብልና በጣፋጭ ኮምጣጤ ትሠራልኛለች፤ እኔ አሳማ አልበላም። እንዳላስቀይማት ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አደረሰሽ። ይህ «ዙዎ ዩዌዝ» ይባላል፤ ወሩን መቀመጥ ማለት ነው። ወሊድ ደምንና ቺን ያጎድላል፣ ሰውነት ክፍት ይሆናል፣ ንፋስና ብርድ ገብተው ዕድሜ ልክ ይቀመጣሉ ብለው ያምናሉ። አማትሽ ይህን የምትልሽ ስለምትሳሳልሽ ነው። እሷም ስትወልድ እናቷ እንዲያ አድርጋላት ይሆናል።

ስለዚህ የማይጎዳውን በደስታ ተቀበዪላት። ዕረፍቱን፣ ሙቅ ውሃ መጠጣቱን፣ ካልሲውን፣ ሌላ ሰው ምግብ አብስሎ ማቅረቡን እምቢ አትበዪ። ብዙ እናቶች ይህን አያገኙም! ስለ ምግቡ ባለቤትሽ ይንገራት። ዝንጅብሉ በዶሮ ይሠራል፣ እንቁላል አለ፣ የዓሣ ሾርባ አለ፣ በሰሜን በቡናማ ስኳር የሚሠራ የማሽላ ዓይነት ገንፎም አለ። የሩዝ ወይን የምታደርግበት ከሆነ ጡት ስለማጠባ ይቅርልኝ በያት። ዳንግጉዌይ ወይም ሌላ መድኃኒት የገባበት ሾርባ ከሆነ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትጠጪ።

ሁለት ነገር ላይ ግን አትደራደሪ። አንደኛው ሙቀት ነው። የጓንግዶንግን በጋ ታውቂዋለሽ። መስኮት ዘግቶ፣ ኤሲ አጥፍቶ፣ ብርድ ልብስ ደራርቦ መተኛት አራስንም ሕፃንንም ሊገድል ይችላል። ንፋሱ በቀጥታ እንዳይመታሽ አድርገሽ ክፍሉን አቀዝቅዢ። ሁለተኛው መንቀሳቀስ ነው። ዝም ብሎ መተኛት እግር ውስጥ ደም ያረጋል፤ ቤት ውስጥ ተመላለሺ። ፀጉርሽን በሙቅ ውሃ ታጠቢና ወዲያው አድርቂው፤ ስታይሽ ከማድረቂያው ጋር ብትሆኚ ትረጋጋለች። ትኩሳት፣ የሚበዛ ደም፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ ወሩ አልሞላም ብለሽ አትቀመጪ።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመቱ ነው። በዚህ ዓመት ሁለቴ ወደቀ። ታይቺ ይረዳዋል?

መልስ፦ አዎ። በዚህ ገጽ ከተነሡት ሁሉ ሳላመነታ አዎ የምለው ይህን ነው። ታይቺ፣ ቀስ ተብሎ የሚሠራው የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ፣ አረጋውያን እንዳይወድቁ እንደሚረዳ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ሚዛንን ያስተምራል፣ እግርን ያጠነክራል፣ ሰው ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲያሻግር እንዲያስተውል ያደርጋል። መጀመሪያ ግን ለምን እንደወደቀ ይታይ፤ ደም ግፊቱ፣ ዓይኑ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች።

ታይቺ ረጅም ነው፣ ለመያዝ ያስቸግራል። እኔ ለአረጋውያን የማስጀምረው ከ«ባዱዋንጂን» ነው፤ ስምንት እንቅስቃሴ ብቻ ነው ያለው። ናንጂንግ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት መናፈሻ ውስጥ ከአንዲት አሮጊት ኋላ ቆሜ ነው የለመድኩት፤ አንዴ ዞር ብለው ትከሻዬን ወደ ታች ጫን አደረጉልኝና ዝም ብለው ቀጠሉ።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ከኋላው ጠንካራ ወንበር ይኑር። እግሩን በትከሻው ልክ ከፍቶ፣ ጉልበቱን ላላ አድርጎ ይቁም። ጣቶቹን ሆዱ ፊት ያቆላልፍ። ቀስ ብሎ አየር እየሳበ እጆቹን ወደ ላይ ያንሣ፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ መዳፉን ይገልብጥና ሰማዩን እንደሚደግፍ ሰው ወደ ላይ ይግፋ። ትንሽ ይቆይ። ከዚያ እየተነፈሰ እጆቹን በጎንና በጎን ያውርድ። ተረከዙን ከመሬት አያንሣ፤ እሱ ለሌላ ጊዜ ነው። ስድስት ጊዜ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት አጠገቡ ቁሚ።